የሐረጎ 40 ሜትር

የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀበት ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደሴ ስመጣ ሰላምታው ተቀይሯል። ድሮ "አዲስ አበባ ተመቸሽ?" ነበር። አሁን "ግድቡ አልቆ የለ እንዴ? ታዲያ መብራቱ ምን ሆኖ ነው የሚጠፋው?" ሆኗል። ፒያሳ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ፣ ሰኞ ገበያ ለቅሶ ስደርስ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የትም አልተረፍኩም። መብራት ኃይል እንደምሠራ የሰማ ሰው አይለቀኝም። መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ግድቡ አልቋል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ግን ያለው ጉባ ነው። ከዚያ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ተጉዞ ሆለታ ይደርሳል። ከሆለታ ወሎ ደግሞ ገና ብዙ አገር አለ። ኃይሉ በየጣቢያው ወደ 400፣ ወደ 230፣ ወደ 132 ኪሎ ቮልት እየወረደ ይመጣል። ከተማ ሲገባ 33 ወይም 15 ይሆናል። እናንተ ቤት ሲደርስ 220 ቮልት ነው። ይህን ሁሉ ደረጃ ያመጣው ርቀቱ ነው። ያንኑ ያህል ኃይል በእጥፍ ቮልቴጅ ከላክነው ሽቦው የሚሸከመው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል። በመንገድ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰበብ ቢመስልም እውነት ነው። ክረምት ላይ ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ጥሎ ሰፈራችሁ ቢጨልም፣ ያ ከእኔ ሥራ ጋር አይገናኝም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ማመንጨትና ማስተላለፍ ለብቻ፣ ማከፋፈል ለብቻ ነው። እኔ ያለሁት ማስተላለፉ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን የዛሬውን መስመር የሚጠግኑት ሌሎች ናቸው። የእኔ ክፍል የሚያስበው ከ10፣ ከ20 ዓመት በኋላ ስለሚያስፈልገው መስመር ነው። እናቴ ይህን ስነግራት "እስከዚያ ታዲያ ማን ይከፍልሻል?" ብላኛለች።

ካርታ ላይ ኮምቦልቻን ፈልጉ። ለእኛ ሥራ ይቺ ከተማ ቢራና ጨርቃ ጨርቅ ብቻ አይደለችም። በስተሰሜን ወደ አላማጣ፣ ከዚያም ወደ መቀሌ የሚሄደው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከዚህ ይነሳል። በስተምሥራቅ ወደ ሰመራ የሚወርደውም ከዚህ ነው። በስተደቡብ ከመሃል አገር ጋር ያገናኛታል። በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መቀሌ ከብሔራዊ የኃይል ቋቱ ጋር መልሳ የተገናኘችው ኅዳር 2015 ላይ ነው። እንዲህ ያለ መገናኛ ሲታመም የሚጨልመው አንድ ከተማ አይደለም።

ዕቅዱ የሚጀምረው ከፍላጎት ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ይፈልጋል? በወረቀት ቀላል ይመስላል። በ2006 ዓ.ም. አካባቢ የተጠናቀቀው የአገሪቱ የኃይል ማስፋፊያ ማስተር ፕላን የ25 ዓመት ነበር። 25 ዓመት ረጅም ነው። ፍላጎት በየዓመቱ 10 በመቶ ቢያድግ በ7 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በዓመት የ2 እና የ3 በመቶ ስህተት ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ሰብስቴሽን፣ ማለትም አንድ ሙሉ የኃይል ማውረጃ ጣቢያ ያህላል።

የደሴን ፍላጎት ለማወቅ ከኮምፒውተሩ በፊት የማየው የሰብስቴሽኑን ኦፕሬተሮች መዝገብ ነው። ትልቅ፣ ጠርዙ የተበላ፣ በእስክሪብቶ የተሞላ መዝገብ ነው። በየሰዓቱ ከጣቢያው የሚወጣው የእያንዳንዱ መስመር ጭነት ይጻፍበታል። አንዳንዱ ኦፕሬተር ጽሑፉ ያምራል። አንዳንዱ የሐኪም ነው። ጣቴን ከላይ ወደ ታች ሳወርድ የከተማው ቀን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከፍ ይላል፤ ቀን ላይ ይረግባል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ይጋልባል። ረመዳን ሲገባ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ፣ ሌላ ጊዜ የማይኖር ጉብታ ይበቅላል። ሱሁር ነው። የፋሲካ ዋዜማም እንዲሁ አይተኛም። ወሎ ሁለቱንም ስለሚያከብር መዝገቡ ዓመቱን ሙሉ ዓውደ ዓመት ያውቃል።

ከጉብታው ሥር ያለችው ምጣድ ናት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ትወስዳለች። አምፖልና ቴሌቪዥን ከእሷ ጋር ሲተያዩ ምንም ናቸው። 1,000 ቤት በአንድ ጊዜ እንጀራ ቢጋግር ከ3 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ከሰልና እንጨት በተወደደ ቁጥር ደግሞ ወደ ምጣድ የሚዞረው ሰው ይበዛል። ስለዚህ የእንጨትን ዋጋ እጠይቃለሁ። ሥራዬን የማያውቁ የሰኞ ገበያ እንጨት ሻጮች ልገዛ የመጣሁ እየመሰላቸው ይጣላሉ፤ አንዷ "ሳትገዢ ስንት ጊዜ ነው የምትጠይቂው እቴ?" ብላኛለች።

መዝገቡ ውስጥ ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚያሳስበኝ ዜሮው ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ኦፕሬተሩ ዜሮ ይጽፋል። ልክ ነው፣ ሌላ ምን ይጻፍ? ግን በዚያ ሰዓት ፍላጎት ዜሮ አልነበረም። ምጣዱ ተሰክቶ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ይዞ ነበር። ዜሮዎቹን እንዳሉ ወስዶ አማካይ የሚያወጣ ባለሙያ ደሴ ብዙም አትፈልግም ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ትንሽ መስመር ይሠራላታል። ትንሹ መስመር ይጨናነቃል፣ ይቋረጣል፣ መዝገቡ ላይ ሌላ ዜሮ ይጻፋል። የኔ ቡድን አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ዜሮን አለማመን ነው።

ኮምቦልቻ ደግሞ በተቃራኒው ታስቸግራለች። እዚያ ቁጥሩ የሚያብጥ ነው። ባለሀብት ቅጽ ሲሞላ አሥር ሜጋ ዋት ይላል። ገብቶ ሥራ ሲጀምር ሦስት አይነካም። አልፈርድባቸውም። በኋላ ተጨማሪ ከመለመን አሁን አብዝቶ መጠየቅ ይሻላል ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ነገር ግን የሁሉንም ቅጽ ደምሬ መስመር ባቅድ፣ አገሪቱ ለማይመጣ ጭነት ዶላር አፈሰሰች ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ሌላ እጠይቃለሁ። ማሽኑ ታዟል? ቦይለሩ በናፍጣ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ? በስንት ፈረቃ ትሠራላችሁ? ማሽኑን ያዘዘ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ወረቀት ያወጣል። ያላዘዘው ስለ አገር ዕድገት ያወራኛል።

የፋብሪካው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ልብስ ስፌት ብዙ ሰው ይቀጥራል፣ ትንሽ መብራት ይበላል። ብረት ማቅለጫ ተገላቢጦሹ ነው። አንድ ማቅለጫ ምድጃ የብዙ ልብስ ስፌት ሼድ ጭነት ብቻውን ይወስዳል። አንድ ቦታ "ኢንዱስትሪ መንደር" ተብሎ በካርታ ሲቀባ ለእኔ ምንም አልነገረኝም። ምን ኢንዱስትሪ?

እሺ፣ ሁሉንም በትክክል ጠየቅን እንበል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ተመረቀ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ፓርኩም ጉዳት ደረሰበት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ምርትን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል ወጣች። ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት ኮምቦልቻ ያለ ትራንስፎርመር ላይ ጭነት ሲቀንስ አስቡት። የትኛው የትንበያ ቀመር ይህን ያውቃል? የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው። ከአዋሽ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተዘረጋ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ነው፣ 25 ኪሎ ቮልት። መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አለፉ። በዕቅድ ውስጥ ግን ያ ጭነት መቀመጥ አለበት፤ ባቡሩ በተነሳ ቀን "ቆይ መስመር ልሥራልህ" አይባልም።

በዚህ ምክንያት አንድ ትንበያ አንሠራም። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ብለን ሦስት እንሠራለን። አለቆች ሦስት ቁጥር አይወዱም። "አንዱን ንገሪን" ይላሉ። እኔም አንዱን አልናገርም። የምናገረው ሦስቱም ውስጥ የሚያስፈልገው ሥራ የቱ እንደሆነ ነው። በዝቅተኛውም በከፍተኛውም የሚያስፈልግ ነገር ካለ እሱ ይቅደም። የቀረው ይቆይ፣ በየሁለት ዓመቱ እናየዋለን።

እኛ አካባቢ በሦስቱም ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ነገር ሁለተኛ መንገድ ነው። የዘርፉ ሰዎች "ኤን ማይነስ ዋን" የምንለው ደንብ አለ። ከመረቡ አንድ ነገር፣ አንድ መስመር ወይም አንድ ትራንስፎርመር ቢወድቅ፣ የቀረው ሳይጨናነቅ ሰውን መሸከም አለበት። ለገንዘብ ሰዎች ይህን ማስረዳት አድካሚ ነው። "አንዱ ሙሉ አቅሙን ሳይጠቀም ሁለተኛ ለምን?" ይላሉ። አንዴ በስብሰባ ላይ "የዶሮ መዝለያን ዳገት ያለ ትርፍ ጎማ የሚወጣ ሹፌር ታውቃላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁ። በጀቱ ግን አልተፈቀደም።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። በአንድ የብረት ታወር ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ሰርኪት፣ ማለትም ሁለት ሙሉ የሽቦ ስብስብ ማንጠልጠል ይቻላል። ርካሽ ነው፣ መሬትም ይቆጥባል። በወረቀት ላይ ሁለት መስመር ነው። መብረቅ አንዱን ቢያጠፋ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። መሬቱ ራሱ ቢሄድስ? ደሴን የሚያውቅ ሰው የመሬት መንሸራተትን ያውቃል። ክረምት ከገፋ ገደሉ ይላቀቃል። ታወሩ ሲጋደም ሁለቱም ሰርኪት አብረው ይወርዳሉ። ለደሴ እውነተኛ ሁለተኛ መስመር ማለት ሌላ ሸንተረር ላይ የሚያልፍ ነው።

ሌላ ሸንተረር የት አለ? ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተጣበቀች ከተማ ናት። ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው። መንገዱ፣ ወንዙ፣ ቤቱ፣ የውሃ ቧንቧው፣ ሽቦው፣ ሁሉም በዚያችው ጠባብ በር መውጣት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሁለቱ ከተሞች ወደ መሃል እያደጉ ነው። ልጅ ሆኜ በመካከላቸው ባለው በሐረጎ ስናልፍ ጫካና ጉም ነበር። አሁን ከመኪና መስኮት ቤት የማይታይበት ቦታ መቁጠር እችላለሁ።

ከፍታው ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ኤሌክትሪክን አጥብቆ አይከለክልም። በተለምዶ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል መከላከያው ይደክማል ብለን እንቆጥራለን። ስለዚህ ሽቦውን ከታወሩ ብረት የሚለየው ስኒ ይረዝማል፣ ክፍተቱ ይሰፋል። ኮምቦልቻ የሚበቃው ንድፍ እንዳለ ተገልብጦ ሐረጎ ላይ አይሠራም።

አንድ 230 ኪሎ ቮልት መስመር 40 ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ታወሩ የሚቆምበትን ብቻ አይደለም፤ ሙሉውን ርዝመት ነው። ከሥሩ ጤፍ መዝራት፣ ስንዴ መዝራት፣ ከብት ማሰማራት ይቻላል። ቤትና ረጅም ዛፍ አይቻልም። ሽቦ ደግሞ እንዳለ አይቆይም። ሲሞቅና ጭነት ሲበዛበት ይረግባል። ባሕር ዛፍ ሽቦውን እስኪነካ አይጠብቅም፤ ከቀረበ ብልጭታው ራሱ ይዘላል።

ከቀያሾች ጋር በዚያ ቁልቁለት ስንወርድ አንድ አዛውንት ከማሳቸው ዳር ቆመው ሲያዩን ቆዩ። ጂፒኤሱን አዩ፣ ቀይ ቀለም የተቀባውን ችካል አዩ።

"ምኑን ነው የምትለኩት፣ የኔ ልጅ?"

"መስመር ሊያልፍ ይችላል ብለን ነው፣ አያ።"

"መቼ?"

"ምናልባት ከ15 ዓመት በኋላ።"

ሳቁብኝ። ከልባቸው ሳቁ። "እስከዚያማ ይሄ ባሕር ዛፍ ሦስቴ ተቆርጦ ሦስቴ ይበቅላል!" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ "እሺ፣ እስከዚያ ምን ልትከል? ዛሬ የተከልኩትን ያኔ ትክሱኛላችሁ ወይስ 'ነግረንህ ነበር' ትሉኛላችሁ?"

ከብዙ ስብሰባ የተሻለ ጥያቄ ነበር። መልስ አልነበረኝም፤ አዋጁም በቀጥታ የለውም። አዋጅ 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ እንዴት እንደሚከፈል ይደነግጋል። የእኛ ሥራ ግን ከመልቀቅ በፊት ያለው 15 ዓመት ነው። መሬቱ የእሳቸው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን የእሳቸው አይደለም። የተወሰደ አይደለም፤ የተለቀቀም አይደለም። ለዚህ መሃል ቤት ለቆመ ገበሬ የሚከፈል በጀት የትም መደብ ላይ አላገኘሁም።

ያንን 15 ዓመት የሚሞላው ሌላ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል በሌላ ቦታ፣ ቀድመን በካርታ የያዝነው መተላለፊያ ነበር። ደብዳቤ ጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን ለሚመለከተው ሰጥተናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ችካላችን የነበረበት ቦታ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። አጥር ታጥሯል። አንዱ በር ላይ የቤት ቁጥር ተለጥፏል። ሰዎቹ ሕገ ወጥ አይደሉም፤ ካርታ አላቸው። ካርታውን የሰጣቸው መሥሪያ ቤት የእኛን ደብዳቤ ፋይል ውስጥ አግኝቶ አሳየን። ተቀብለዋል፣ ቁጥር ሰጥተውታል፣ አስቀምጠውታል። ማንም አላነበበውም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ሰው ቤት ማፍረስ አልደግፍም። መስመሩ ይታጠፋል። መስመር በታጠፈ ቁጥር ግን በማጠፊያው ላይ የሚቆመው ታወር ሽቦው ወደ ጎን ስለሚስበው ወፍራምና ከባድ ይሆናል። መሠረቱም እንዲሁ። ዋጋው ከተራው ታወር በብዙ ይበልጣል። እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ ከታጠፈ በኋላ በወሰን ማስከበር የዘገየው ዓመት ሲጨመርበት፣ ርካሽ የነበረው መንገድ ውድ ይሆናል።

ለዚህ ነው ባልደረቦቼ ስለ ትራንስፎርመር ሲጨቃጨቁ እኔ ስለ መሬት የምነዘንዘው። ትራንስፎርመር ይታዘዛል። ዛሬ ትልቁን ብታዝዝ ከ2 ዓመት በላይ ልትጠብቅ ትችላለህ፤ ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ እስኪገባም ሌላ ጣጣ ነው። ግን ይመጣል። ጭነቱ ከዘገየ ትዕዛዙን ታዘገያለህ። ትንበያው ቢሳሳት ትራንስፎርመሩን ነቅለህ ወልዲያ ትወስደዋለህ። ሐረጎ ላይ የተዘጋ 40 ሜትር ግን በጨረታ አይገዛም። ስለዚህ በእኔ ሦስት ትንበያዎች ውስጥ ሁሉ ቀዳሚው ሥራ አንድ ብረት ሳይገዛ መተላለፊያውን መያዝ ነው።

ጥያቄው ማን ይይዘዋል ነው። የከተማ መዋቅራዊ ፕላን ዕድሜው 10 ዓመት ነው። የእኛ ከ20 ይበልጣል። ከተማው ፕላኑን ሲከልስ የእኛ መስመር ገና በወረቀት ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይሰረዛል። ያልተሠራ ነገር ጠበቃ የለውም። እኔ የምለው ይህ ነው፤ መስመሩን መስመር ብላችሁ አትሳሉት። አረንጓዴ ቦታ በሉት፣ የእግር መንገድ በሉት፣ የችግኝ ጣቢያ በሉት። ከተማው ዛሬ የሚጠቀምበት ነገር ይሁን። የሚጠቀምበትን ይጠብቀዋል። ለገበሬውም ዝቅ ያለ ሰብል ብቻ እንዲዘራ፣ ላጣው የባሕር ዛፍ ገቢ በየዓመቱ መጠነኛ ክፍያ ይሰጠው። በመጨረሻ ከሚከፈለው የቤት ካሳ ጋር ሲተያይ ይህ ምንም አይደለም። ሐሳቡን ለሁለቱም ከተሞች የፕላን ባለሙያዎች አቅርቤያለሁ። አንደኛው ወዶታል። ሌላኛው "አረንጓዴ ካልነው መጀመሪያ የሚሸጠው እሱ ነው" አለኝ፤ ቦታውን ከእኔ በላይ ስለሚያውቅ ልከራከረው አልቻልኩም። አሁን ሁለቱም ያሉበት ንድፍ እያዘጋጀን ነው።

እስከዚያው ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቦታ ልትገዙ ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ ካርታ ሲያሳያችሁ እናንተ ቀና በሉ። በአቅራቢያው ታወር ካለ ክንዶቹን እዩ። በአንድ በኩል ሽቦ ተንጠልጥሎ በሌላ በኩል ክንዱ ባዶ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሰርኪት አንድ ቀን ይመጣል ማለት ነው። ክንዱ ለጌጥ አልተሠራም። ከታወሩ መሃል ወዲህ 20 ሜትር፣ ወዲያ 20 ሜትር በእርምጃችሁ ቁጠሩ። ቦታው ከዚያ ውስጥ ከገባ ቀብድ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ታወር በሌለበትም ቢሆን ቀይ የተቀባ ችካል ካያችሁ ጠይቁ። ደላላው "ኧረ እሱ ድሮ የቀረ ነው" ይላችኋል። ችካሉን የተከልነው እኛ ነን፤ አልቀረም።